አልፎ አልፎ የሚመጣው ጫማ ሰፊ

አክስቴ ቤት ልጁን ሊያውል የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው አክስቴን ሳይሆን ወንድሟን ነበር። አጎቴ በሩ ሥር ካለችው አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ልጁ ገና ከእናቱ ቀሚስ ሳይላቀቅ የአጎቴ ዓይን እግሩ ላይ ነው። «ና እስቲ አንተ ጎረምሳ፣ ዛሬም የግራውን በቀኝ አድርገህ መጣህ?» ይለዋል። ለማልቀስ አፉን የከፈተው ልጅ ጎንበስ ብሎ እግሩን ያያል። በዚህ መሐል ጫማው ይወልቃል፣ መደርደሪያው ላይ ቦታውን ይይዛል፣ እናትየውም ሹልክ ብላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ልጁ እናቱ መሄዷ ትዝ የሚለው ምንጣፉ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ነው።

ልጆቹ «ጋሼ ጫማ» ይሉታል። ስሙን ያወጣችለት የእኔ ልጅ ናት። ስሙን ጠርታ ያላመሰገነችው እናት የለችም፤ አሥር ጊዜ «ቻው» እየተባለ ሲለቀስ ከሚዋልባቸው ቤቶች ይልቅ የአክስቴ ቤት ጠዋት ጸጥ ያለ ነበር።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። ሰው ጭንቅላቱን ሲሰጠኝ ነገሩንም አብሮ ይሰጠኛል፤ ስለዚህ የብዙ ቤት ጉድ አውቃለሁ። የገዛ ቤተሰቤን ጉድ ግን ያወቅኩት ከሁሉም ዘግይቼ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ባስታወስኩት ቁጥር ማበጠሪያውን አጠብቄ እይዝና ደንበኞቼ «ቀስ በይ እንጂ!» ይሉኛል።

አክስቴ ልጅ ማሳደግ የጀመረችው በአጎቴ ነው። አያቴ እሱን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስታርፍ፣ አክስቴ ራሷ ገና ልጅ ነበረች። ጀርባዋ ላይ አዝላው አደገች ማለት ይቻላል። የመሐል ልጅ የሆነችው እናቴ ይህን ስታወራ ትንሽ ቅናት አይጠፋባትም። «እኔን ማን አዘለኝ? በእግሬ ነው ያደግኩት» ትላለች። አጎቴ ሲጎረምስ ጫማ ፋብሪካ ገባ። ዛሬ አገባለሁ ነገ አገባለሁ ሲል ዕድሜው ሄደ። ፋብሪካው ሲዘጋ ደግሞ ሻንጣውንና ወስፌውን ይዞ እህቱ ቤት ገባ። ያኔ አክስቴ የጎረቤት ልጆች ማዋል ጀምራ ነበር። ማንም «ይህን ሥራ» ሳይለው በሩ ሥር ተቀመጠ። አፉን የከፈተ ጫማ ይሰፋል፣ የረዘመ ማሰሪያ ያሳጥራል፣ ሶል በማስቲሽ ይለጥፋል። ልጅ ሲታመም እንኳ ከአረማመዱ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው እያለች አክስቴ ትኮራበት ነበር።

እሷስ እንዴት ያለች ናት ቢባል፣ ቁጡ፣ ንጹሕና እሳት የላሰች ሴት ናት። የወተቱን ሙቀት ክንዷ ላይ አንጠባጥባ ሳትሞክር ለሕፃን አትሰጥም። እጁን ሳይታጠብ ልጅ ሊስም የሚጠጋ አባት ካለ ጉዱ ፈላ፤ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ይሁን ጎማ ጠጋኝ ለእሷ አንድ ነው። አንድ ክፉ ነገር ቢኖርባት ኩራቷ ነው። አንዴ ከአፏ የወጣውን ነገር፣ ስህተት መሆኑን እያወቀችው እንኳ፣ መልሳ አትውጠውም።

የሕፃናት መዋያ ደንብ ድሮ ቀላል ነበር። ውሃ አለሽ? አለኝ። አጥር አለሽ? አለኝ። በቃ፣ ፈቃድሽን ግድግዳ ላይ ስቀዪ። ከተማው እየሰፋ፣ እናቶች ሥራ እየገቡ ሲሄዱ ግን በየቤቱ ልጅ የሚያውል በዛ። አንዳንድ ቦታ ልጆች ተጎዱ። ያን ጊዜ ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ደንቡን ላሻሽል ብሎ ተነሣ፤ መነሣቱም ትክክል ነበር፣ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ረቂቁን አዘጋጁና በሥራው የቆዩትን ሴቶች አስተያየት ስጡን ብለው አዳራሽ ጠሯቸው። አክስቴም ተጠራች። ከዚያ በፊት እኔ ጋ መጥታ ፀጉሯን ተሠራች። ለሠርግ እንኳ እንዲያ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም። «እንዳይበዛ፣ እንዳያንስም» እያለች መስተዋቱን ስትገላምጥ ዋለች።

ከአክስቴ ቤት ዝቅ ብሎ በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቤት አለ። እዚያም ልጅ የምታውል ሴት ነበረች። ከአክስቴ ጋር ሆድና ጀርባ ነበሩ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ችግሩ ባሏ ነበር። ሰውዬው ገና በጠዋቱ ሞቅ ብሎት፣ ሲጋራውን ከንፈሩ ላይ አንጠልጥሎ በልጆች መሐል ይመላለሳል። አክስቴ ይህን ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ማጉያው እጇ ሲገባ ታዲያ እሱን እያሰበች ተናገረች።

«በሥራ ሰዓት ከተመዘገበ ተንከባካቢ በቀር ሌላ አዋቂ ሰው በቤቱ ውስጥ አይገኝ! ባልም ይሁን አማት፣ ዘመድም ይሁን እንግዳ። ልጅ የሚውልበት ቤት ሌላ ሰው አይዋልበትም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰብሳቢው «እንዳለ ይግባ» አለ። ባለ አረንጓዴ በሯ ሴትዮ አንገቷን ደፋች። አክስቴም አንጀቷ ርሶ፣ ዕድሜዋ በሦስት ዓመት የቀነሰ መስላ ወደ ቤት ተመለሰች።

ያን ዕለት እራት ላይ ነበርኩ። ብድግ ብላ፣ ማንኪያውን እንደ ድምፅ ማጉያ ይዛ፣ ንግግሩን እንደገና አሰማችን። አጎቴ እየሳቀ «እትዬ፣ እኔስ ታዲያ?» አላት።

«አንተ ደግሞ!» አለችው። «አንተማ የቤት ዕቃ ነህ!»

ሁላችንም ሳቅን። አጎቴ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ በቤታችን ውስጥ ደንቡ እኛንም እንደሚመለከት የገባው ሰው አልነበረም።

ደንቡ ታትሞ ሲወጣ የአክስቴ ቃል እንዳለ ገብቶበት ነበር። መነጽሯን አድርጋ በኩራት ማንበብ ጀመረች፤ አንብባ ስትጨርስ ግን ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። «ባልም ይሁን አማት፣ ዘመድም ይሁን እንግዳ» ይላል። ለእኔ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። «ሄደሽ ወንድሜ አብሮኝ ይኖራል፣ መዝግቡልኝ በያቸው» አልኳት።

«ከገዛ አፌ የወጣውን? ያን ሁሉ ሰው አስጨብጭቤ፣ ልዩ ፈቃድ የምለምን የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ልሁን? ያቺ ባለ አረንጓዴ በር ምን ትለኛለች?»

«የፈለገችውን ትበል።»

«አንቺ ፀጉርሽን ሥሪ!» አለችኝና ነገሩ በዚሁ ቀረ።

ከዚያ ተቆጣጣሪዋ መጣች። የሆነውን አክስቴ ራሷ ናት ቆይታ የነገረችኝ። ተቆጣጣሪዋ ለጋ ወጣት ናት፤ ጫማዋን በር ላይ ያወለቀች የመጀመሪያዋ የመንግሥት ሠራተኛ ሳትሆን አትቀርም። መስኮቱን አየች፣ የመድኃኒት ሣጥኑ ቁልፍ እንዳለው ሞከረች፣ የእሳት ማጥፊያውን አነሳች፣ የልጆቹን ፍራሽ ነካካች። ሁሉም አማራት። አጎቴ በዚህ ጊዜ ጓሮ በኩል ባለችው ዕቃ ቤት ነበር። አክስቴ ናት «ለትንሽ ጊዜ እዚያ ቆይልኝ» ያለችው። አጎቴም አንዱ ልጅ ካወለቀው ጫማ አንዱን እግር እጁ ላይ እንደያዘ ወደዚያ ገባ።

«እማማ፣ በሥራ ሰዓት እዚህ የሚውል ሌላ አዋቂ ሰው አለ?» አለች ልጅቷ።

«የለም» አለች አክስቴ።

«ካለም እኮ ችግር የለውም። የቤተሰብ አባል ከሆነ ይመረመርና አጭር ሥልጠና ወስዶ በረዳትነት ይመዘገባል። አሁን የመሸጋገሪያ ጊዜ ላይ ስለሆንን አንቸኩልም።»

እዚህ ላይ ነው እኔ ሁልጊዜ የምናደደው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላት ነበር። ልጅቷ ያን ስትል አክስቴ «አለ» ብትል በቃ፣ ነገሩ ሁሉ በዚያው ያልቅ ነበር። ግን አንዴ የለም ብላለች።

«የለም አልኩሽ እኮ ልጄ።»

ልጅቷ ልትወጣ ስትል በሩ ሥር ያለችውን በርጩማ አየች። በርጩማዋ ላይ ወስፌ፣ ክርና ተከፍቶ የተተወ የሕፃን ጫማ ነበር። «ይሄስ የማን ነው?» አለች።

አክስቴ ዓይኗን በጨው ታጥባ «የሠፈር ጫማ ሰፊ አለ» አለቻት። «አልፎ አልፎ ይመጣል።»

ልጅቷ ፈርማ ሄደች። አጎቴ ከዕቃ ቤት ወጥቶ «ሄደች?» አለ። «ሄደች።» «ፈቃዱስ?» «ሰጠችኝ።» «እሰይ!» አላትና ተቀምጦ የጀመረውን ጫማ ጨረሰ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ አክስቴም የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ወፍራም ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ከዚያ ወዲያ አጎቴ በየጠዋቱ የመጀመሪያው ልጅ ሳይመጣ ከቤት ይወጣ ጀመር። «ነገሩ እስኪረሳ ብቻ ነው» አለችው። «ምን ችግር አለው እትዬ፣ እግሬንም ላፍታታ» አላት። ወስፌውን በጨርቅ ጠቅልሎ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ዳቦ ቤት ታዛ ሥር ይቀመጣል። የመንገደኛ ጫማ ይሰፋል። ሲመሽ፣ የመጨረሻው ልጅ መወሰዱን ከሩቅ አይቶ ይመለሳል።

የአክስቴ ቤት ጠዋት ተበላሸ። ልጆቹ በር ላይ ሲያለቅሱ መንገድ ላይ ይሰማ ጀመር። አንዱ የሌላውን ጫማ አድርጎ ይሄዳል፤ ሌላው ሁለት የግራ ጫማ ይዞ እቤቱ ይገባል። የእኔዋ ደግሞ «ጋሼ ጫማ ካልመጣ አላወልቅም!» ብላ ግድግዳውን ሙጭጭ አለች። ለጫማው ተብሎ አንዲት ልጅ እግር ተመዝግባ ተቀጠረች። ትሑት ነበረች፣ ግን ከልጆቹ ጋር ዓይን ለዓይን እንኳ አትተያይም።

ይባስ ብሎ ምን ሆነ መሰላችሁ? ባለ አረንጓዴ በሯ ሴትዮ ባሏን አስመዘገበችው። ሰውዬው ተመረመረ፣ ሠለጠነ፣ በሥራ ሰዓት ላይጠጣ ፈረመ፤ ደግሞም አልጠጣም። አንድ ጠዋት አክስቴ ስታልፍ ነጭ ሽርጥ ለብሶ፣ ሁለት ልጆች በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «እንዴት አደሩ እትዬ! እርስዎ ባይናገሩ ኖሮ እኔ ሰው አልሆንም ነበር» አላት። የልቡን ነበር የተናገረው። አክስቴ ቤቷ ገብታ ውሃ ጠጣች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ውሃ ጠጣች።

ዝናቡ ሲገባ አጎቴ ያስለው ጀመር። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አዝኖለት ከምድጃው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክፍል ሰጠው። አንድ ምሽት ሻንጣውን ሊወስድ መጣ። «ሙቀቱ ለሳሉ ጥሩ ነው እትዬ። ለመመላለሱም ይቀላል» አላት። እሷም ሻንጣውን በሩ ድረስ ይዛለት ሄደች። «ቆይ» አላለችም። ለምን እንዳላለች ስጠይቃት «በምን አፌ?» አለችኝ። እኔ ግን አሁንም እላለሁ፤ ያቺን አንዲት ቃል ለማለት አፍ ምን ያህል ቢከብድ ነው?

ከዚያ በኋላ አክስቴ ሌላ ሰው ሆነች። ቁጣዋ ቀነሰ፤ ቁጣዋ ሲቀንስ ቤቱ ቀዘቀዘ። ደጃፏ ላይ ዳቦ የሚሸጥ ሱቅ እያለ መናኸሪያ ድረስ ሄዳ ትገዛ ጀመር። ዳቦውን ይዛ አጎቴ አጠገብ ትቆማለች። «ሳልህ እንዴት ነው?» «ደኅና ነው። ልጆቹስ?» «ደኅና ናቸው።» በቃ፣ ይኸው ነው። ተመልሳ ስትመጣ ዓይኗ ይቀላ ነበር። አንድ ቀን ፀጉሯን ስሠራት ድንገት «ከልጆቼ ሁሉ በፊት የያዝኩት ልጅ እሱ ነው፣ እሱን ነው ከቤት ያስወጣሁት» አለችኝ። መስተዋቱ ውስጥ ስታለቅስ አየኋት፤ እኔም አለቀስኩ። ወረፋ የምትጠብቀዋ ደንበኛዬም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራን አለቀሰች።

ጊዜ አለፈ። ደንቡ እንደገና ይሻሻላል ተባለ። በየቤቱ አያት አለ፣ የታመመ ባል አለ፣ ታላቅ እህት አለች፤ ብዙዎቹ ሄደው ተናግረው ስለነበር መሥሪያ ቤቱ ነገሩን አቀለለው። አብሮ የሚኖር ዘመድ በቀላሉ ተመዝግቦ ቤቱ መዋል ይችላል ተባለ። ተቆጣጣሪዋም በየቤቱ እየዞረች ልትመዘግብ እንደምትመጣ ተነገረ።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ቆረጠች። «ዋሽቻለሁ እላታለሁ» አለችኝ። «ፈቃዱን ከቀሙኝም ይቅሙኝ። ወንድሜ ቤቱ ይግባ።» ዕቃ ቤት ተጥላ የነበረችውን በርጩማ አውጥታ አጠበች፣ ፀሐይ ላይ አሰጣች፣ በሩ ሥር አስቀመጠቻት። ያን ዕለት ሥራዬን ዘግቼ አጎቴን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደተፈለገ ነገርኩት። ፊቱን ታጠበ፣ ደኅናውን ኮቱን ለበሰ። ስንደርስ በሩ ተከፍቶ ሳለ አንኳኳ። በገዛ ቤቱ በር ላይ እንደ እንግዳ ቆመ።

ተቆጣጣሪዋ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። አክስቴ ቆማ፣ እጇን አጣጥፋ ተናገረች።

«ልጄ፣ ያኔ ስትጠይቂኝ የለም ብዬሽ ነበር። ነበር። ይሄ ወንድሜ ነው። እዚሁ ነበር የሚኖረው፣ እዚችው በርጩማ ላይ ነበር የሚውለው። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «እማማ፣ ምነው እንዲህ አሉኝ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የተሳሳተ ቃል መስጠት እኮ ፈቃድ ያሰርዛል። እኔ ከሰማሁ በኋላ አልሰማሁም ማለት አልችልም።» ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረች። «አባቴ፣ እውነት ነው? እዚህ ነበር የሚኖሩት?»

አጎቴ መደርደሪያውን አየ። ጫማዎቹ እንደነገሩ ተወርውረው፣ ግማሾቹ ተገልብጠው ነበር። ከዚያ እህቱን አየ። ረጋ ብሎ፣ ፈገግ ብሎም፣ መለሰላት።

«አይ ልጄ፣ እኔ የሠፈር ጫማ ሰፊ ነኝ። አልፎ አልፎ ነው የምመጣው። እሷ ደግ ስለሆነች ሰውን ሁሉ ወንድሜ ነው ትላለች።»

አክስቴ በርጩማዋ ላይ ዝርፍጥ አለች። ከእሷ አፍ የወጣውን ቃል፣ አንዲት ሳያጎድል ነበር የመለሰላት። የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ያሰበችውን ያህል ወፍራም አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ፣ «እሰይ» ሲላትም፣ ሻንጣውን ሲወስድም፣ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስለ ሳሉ ስትጠይቀውም፣ ያውቅ ነበር።

ልጅቷ ሞኝ አልነበረችም። ሁለቱ በግንባራቸው እንኳ ቁርጥ አንድ ናቸው። አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች፤ ከዚያ «እንግዲያው የቀድሞው ቃል ትክክል ነው» ብላ ወረቀቷን ሰበሰበች። ማንም አልተመዘገበም። አጎቴ ጎንበስ ብሎ የተገለበጡትን ጫማዎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ አስተካከለ። «በሉ ደኅና ዋሉ» ብሎ ወጣ።

መናኸሪያው ድረስ ሸኘሁት። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» አልኩት።

«ፈቃዷን ቢወስዱባት ያ ሁሉ ልጅ የት ሊውል ነው?»

«ለእሷ ብለህ ነው ወይስ ተቀይመሃት?»

ጥቂት እንደተራመድን ቆመ። ከዚያ እግሬን አየና «የቀኝሽ ተረከዝ አልቋል፣ አውልቂውና ልየው» አለኝ። ሌላ መልስ አላገኘሁም። አክስቴም እስከ ዛሬ አላገኘችም፤ ሁለቱን እያፈራረቀች ታስባለች፣ አንዱን ስታምን ታለቅሳለች፣ ሌላውንም ስታምን ታለቅሳለች።

አሁን እንዳለው አልፎ አልፎ ይመጣል። ያንኳኳል፣ የተበላሸውን ሰፍቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ጋሼ ጫማ የሚሉት ልጆች ሁሉ አድገው ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ የእኔዋም ከእነሱ ጋር ናት። የዛሬዎቹ አያውቁትም። በሩ ሲንኳኳ ሮጠው ይሄዱና «ጫማ ሰፊው መጣ!» ብለው ይጮኻሉ።

አክስቴ የያዘችውን ሕፃን አቅፋ ከውስጥ ትወጣለች። «ወንድሜ ነው» ትላቸዋለች።

«እሺ» ይሏታል። በሚቀጥለውም ጊዜ ሲመጣ ሮጠው ሄደው «ጫማ ሰፊው መጣ!» ይላሉ። እሷም እንደገና ትወጣለች፣ እንደገና «ወንድሜ ነው» ትላቸዋለች።